አንበሳሜም ሾው ሩም ይገባታል

የሠለጠነ ከተማ በምን እንደሚለይ አዲስ አበባ ካወቀች ሰነበተች። ከጣሪያ እስከ ወለል የተዘረጋ መስታወት፣ እግር የሚያንሸራትት ሴራሚክ፣ ሴራሚኩ ላይ የወንበሩ ላስቲክ ገና ያልተገፈፈ መኪና፣ በሩ ላይ ደግሞ ስልኩን የሚጎረጉር ጥበቃ። ቦሌን ይዞ የሚወርድ መንገደኛ ይህን ትዕይንት እስኪጠግብ ያየዋል። ልብስ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሊሆን የሚችለው የሕንጻው የምድር ወለል አራት መኪና ታቅፎ ይውላል። መኪና ደግሞ ጨዋ ነው፤ አይጮህም፣ ዋጋ አይከራከርም፣ የሽንኩርት ልጣጭ አይጥልም። ከሁሉም በላይ ገዢ አያበዛም፤ ገዢ የማያበዛ ሱቅ የመንገዱን ውበት አያበላሽም።

ታዲያ አንበሳሜ ምን በደለች?

የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳዋ ጣና ዳር ተቀምጦ ከጎረቤቱ ከፎገራ ጋር የጉማራን ወንዝ ይጋራል። ከወረታ ሩዝ፣ ከመስኖው ሽንኩርትና ቲማቲም አይጠፋም። ይህ ሁሉ በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ከአህያ እርግጫና ከባጃጅ ጥሩምባ ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ ማየት ለአንድ የከተማ ፕላን ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያም መገመት ነው። ስለዚህ ለአንበሳሜ የሚሆን ፕሮጀክት እነሆ ቀርቧል። ጠያቂ የለውም፤ ሕዝቡ ሳይጠይቅ ፕሮጀክት መቅረቡ ግን አዲስ ነገር አይደለም።

የገበያው ቦታ ይጠረግና የመኪና መሸጫ ይቁምበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ80 ቢሆን ከ8 ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በሩ እንዲከፈት፣ ገዢም ዞር ዞር ብሎ እንዲያየው 20 ካሬ ይፈቀድለት። ጉልት ሻጯ ግን ማዳበሪያዋን ዘርግታ፣ ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ ደርድራ፣ ያለ ሚዛን በዓይኗ አስተካክላ ስትቀመጥ 1 ካሬ ከበዛባት ነው። 20 ሴቶች የሚያባክኑትን መሬት አንድ መኪና ብቻውን ይሸፍነዋል ማለት ነው። በመደቡ ላይ አንዲት ፍሬ ጣል አድርጋ «እንቺ እትዬ፣ ይቺ ምርቃት ናት» ማለቷ የሚናፍቀው ሰው ካለም አይስጋ፤ ሾው ሩሙም የእግር ምንጣፍ ይመርቃል።

ታሪክም ሐሳቡን ይደግፋል፤ ትንሽ ከተጠማዘዘ። በ1900 ዓ.ም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በረሃና ገደል አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ሲያመጣ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የአራዳን ገበያ አስነስተው መኪናዋን በቦታው ለማቆም አላሰቡም። ገበያው በጊዮርጊስ አጠገብ እንደ ወትሮው ዋለ። ስልክ፣ ባንክና ባቡር ያስገቡት ንጉሥ ይህቺ ብልሃት እንዴት አመለጠቻቸው? ገበያ የከተማን ፊት ያበላሻል የሚለውን ጥበብ በሥራ የተረጎመው ጣሊያን ነው። አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ፕላን አወጣና የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። የተገፋው ገበያ ግን እልኸኛ ነበርና አድጎ መርካቶ ሆነ። የመኪና ነገር ከተነሳ ደግሞ፣ መለዋወጫ የቸገረው ሰው ዛሬም የሚሮጠው ወደ መስታወቱ ቤት ሳይሆን ወደዚያው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ይህን ለመስታወቱ ቤት ባለቤት ባይነግሩት ይሻላል።

በ2016 ዓ.ም ተራው የፒያሳ ሆነ። በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ኪራይ ቤቱም ባንድ ላይ ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ የእግረኛው መንገድ አማረ፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፦ እዚያ ሲነግድ የኖረው ሰው የእግረኛውን መንገድ ለመጠቀም ከከተማ ዳር በሁለት ታክሲ መምጣት አለበት።

ለምን የኤሌክትሪክ መኪና ቢባል፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ማገዱ ተነገረ። ምክንያቱ ቁም ነገር አለው፤ ነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል፣ መብራት ግን ከአገር ወንዝ ይመነጫል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብር ዘለለ። ከዚያ ወዲህ መኪና በሚሊዮን ካልተጠራ የተሰደበ ይመስለዋል። የደራ ገበሬ አንዱን ለመግዛት ስንት ኩንታል ሩዝ መሸጥ እንዳለበት ማስላቱ በራሱ የጎልማሶች ትምህርት ነው።

ሩዝ ከተነሳ ዘንዳ፣ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ደራ ውስጥ ጅግና፣ ፎገራ ውስጥ ሻጋ ላይ ሩዝ ሲያስሞክሩ የሠሩት ስሕተት መጠቀስ አለበት። ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ እየሞሉ የሚተኙበትን ሜዳ አዩና ውሃ የሚወድ እህል አመጡለት። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ መጠሪያውን ከዚያው ከጅግና ወስዶ ፎገራን አለበሰ። መሬቱን አይቶ ዘር መምረጥ! እንዲህ ያለው ኋላ ቀር አሠራር ዛሬ ቀርቷል። አሁን መጀመሪያ የፕሮጀክቱ ስሪ ዲ ሥዕል ይሠራል፤ ከዚያ መሬቱ ስሪ ዲውን እንዲመስል ይነገረዋል።

ውጭ አገር ያሉት መኪና ሻጮች ደግሞ ነገሩ ተገልብጦባቸዋል። ቴስላ መኪናውን ለማሳየት ሰው የሚርመሰመስበት የገበያ ማዕከል ገብቶ፣ በጫማና በልብስ መደብሮች መሃል ሱቅ ተከራየ። የቻይናዎቹ ኒዮና ኤክስፔንግም እንዲሁ አደረጉ። ሚሊዮን የሚያወጣ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከተማ ዳር ድረስ እንደሚሄድ፣ ሁለት መደብ ሽንኩርት የምትፈልግ ሴት ግን ትንሽ ከራቀባት እንደምትተወው ለነጋዴ አይነገርም። ስለዚህ መኪናውን ወደ ገበያተኛው ይወስዱታል። የአገር ቤቱ ዘዴ ይህን ድካም ያስቀራል፤ ገበያው ሲነሳ መኪናውን የሚያየው ሰው አብሮ ይነሳል፣ መስታወቱም በጣት አሻራ አይቆሽሽም።

ቻርጅ ማድረጊያው የታለ የሚል ነገረኛ አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ መኪናው ባለበት ይቆማል፤ ሾው ሩም ደግሞ መኪና የሚቆምበት ቤት ነው። መንገድ ሲዘጋም ያው ነው። ማጓጓዣም አያሳስብም፦ ወረታ ላይ ደረቅ ወደብ አለ፣ ከዚያ አንበሳሜ ድረስ በጭነት መኪና ይመጣል። ቀድሞ በመልሱ ሽንኩርት ይጭን የነበረው ሹፌር ባዶውን ስለሚመለስ ጎማው አያልቅም።

ሕጉም ቢሆን የተመቸ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የከተማ ቦታ በሊዝ ጨረታ ይወጣል፤ ጉልት ሻጯ ከፈለገች ሰነዱን ገዝታ፣ በፖስታ አሽጋ ትወዳደር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ለሚነሳ ባለይዞታ ካሳ ይከፈል ይላል። ማዳበሪያ ዘርግቶ መቀመጥ ይዞታ ስላልሆነ ከዚህ በኩል ወጪ አይኖርም። ያም ሆኖ ፕሮጀክቱ ተነሺዎችን አልዘነጋም። አቧራው መስታወቱ ላይ ስለሚያርፍ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወለውሉ ሦስት ሴቶች ይቀጠራሉ። አመልካቾች አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ በቂ ዋስ የሚያቀርቡና በመስታወት ውልወላ ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ ያላቸው መሆን ይኖርባቸዋል።