አንድ ያዙልኝ

አዴት ውስጥ ድመት ማርገዟን ከባለቤቷ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ሆዷ ገፋ ሲል "እትዬ፣ ስትወልድ አንድ ያዙልኝ" የማይል የለም። የምትወልደው ብዙ ጊዜ አራት አምስት ነው፤ አስይዞ የሄደው ግን የእድሩ ግማሽ ነው። ድመቲቱ ብትሰማ ማርገዙ ይቅርብኝ ትል ነበር።

አይፈረድብንም። አዝመራው ገብቶ ጎተራው ሲሞላ አይጥም ጓዟን ጠቅልላ ትገባለች። እዚሁ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴና የጤፍ ምርጥ ዘር ያወጣል፣ ገበሬው ይዘራል፤ ቀድማ የምታጣጥመው ግን አይጥ ናት።

ትእዛዙ ታዲያ አያልቅም። "ወንድ ይሁን፣ ሴት እየወለደች ታስቸግራለች።" አንድ ጎረቤታችን እንዲያውም ወንድ፣ ያውም ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ የተቀላቀለበት ካልሆነ አለ። እንዲህ ባለ ሦስት ቀለም ድመት ከስንት አንዴ ካልሆነ ሴት ናት፤ ቀዩና ጥቁሩ የሚወረሰው በኤክስ ክሮሞዞም ስለሆነ ሁለቱን ባንድ ገላ ለመልበስ ሁለት ኤክስ ይጠይቃል። ቢነገረው "እሽ ይሁን" ብሎ የወደዳትን ይዞ ሄደ፤ ስሟንም አንበሴ አላት። አንበሴ በዓመቱ አልጋ ሥር አራት ወለደ።

የአስተዳደጉ ነገርማ አይነሣ። እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ አይሊን ካርሽ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ የድመት ግልገል ከሰው የሚላመደው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ ሲዳሰስ መሆኑን አሳይታለች። በቀን አርባ ደቂቃ የታቀፉት ሩብ ሰዓት ከታቀፉት ይልቅ ወደ ሰው ይቀርባሉ። የኛ ልጆች እኮ ቁርስ ሳይበሉ አርባ ደቂቃ ያቅፉ ነበር! እኛ ነን "ተዉ፣ አትንኳቸው፣ ይከሳሉ!" እያልን የምንጮኸው፣ ያውም በዚያው ሰሞን። በኋላ ከአልጋ ሥር ልናወጣቸው እጃችንን ስንሰድ ሲቧጭሩን "የአባታቸው ነገር" እንላለን። እርግጥ ድፍረት ከአባት እንደሚወረስ ተመራማሪዎችም አይተዋል፤ እኛ ግን አባትየውን አይተነው አናውቅም።

አሰጣጡ ደግሞ ከሽምግልና ይብሳል። እኔ ራሴ ኮስተር ብዬ እጠይቃለሁ፦ ውሻ አላችሁ? ልጆቻችሁስ ጭራ ይጎትታሉ? ተቀባይ በተራው "እናቲቱ አይጥ ትይዛለች?" ሲል "ኧረ እሷስ!" እላለሁ። እናቲቱ ይኼኔ ምድጃ ዳር ተጋድማለች፤ አይጧ በጀርባዋ በኩል ስታልፍ ጆሮዋን እንኳ አታቆምም።

የገበያው ባለሱቅ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ግልገሏን ገና በወሯ በጆንያ ይወስዳታል፣ መንገዱን አይታ እንዳትመለስ ነው አሉ። በእህል ኬሻው አጠገብም በሲባጎ ያስራታል። "ከጠገበች አይጥ አትይዝም" ብሎም ያስጾማታል። የጠገበች ድመትም ታድናለች፤ አደን ከረሃቧ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። እናት ለልጆቿ መጀመሪያ የሞተ አይጥ፣ ቀጥሎ ነፍሱ ያልወጣ አምጥታ ታለማምዳቸዋለች። ትምህርቱ የሚጀመረው በወራቸው ገደማ ነው፣ ማለትም ባለሱቁ ጆንያውን ይዞ በሚመጣበት ሰሞን። አሁን ድመቷና አይጧ ቀኑን ሙሉ ይተያያሉ። አይጧም የሲባጎውን ርዝመት ከባለሱቁ የበለጠ ታውቃለች፤ ከዚያ አንድ ስንዝር አልፋ ተቀምጣ ሽንብራዋን ትቆረጥማለች።

የኛዋ ሰሞኑን ወልዳለች። የምትፈልጉ ኑ፤ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ጆንያ ይዞ የመጣን ግን ከበር እመልሳለሁ። እስከዚያው ድረስ እየመጣችሁ ብታሻሹልኝ ቡና አለ። ወንድ ካልሆነ የሚል ካለም ጭራውን አንስቶ ራሱ ይይ፣ እኔ የለሁበትም።