የበረራ ዋዜማ በጂንካ

ከጂንካ ወደ አዲስ አበባ ቤቱ የሚመለስ መንገደኛ፣ በበረራው ዋዜማ ከማረፊያው አጥር ሥር ልደር ወይስ ከተማ ውስጥ እያለ፣ ሊቃውንት ለባሕረ ሐሳብ የሚሰጡትን ያህል ምርምር ለአንዲት አልጋ ሲሰጥ ይስተዋላል። አበው በዚህ አልተቸገሩም፤ የቀድሞው ማረፊያ በከተማዪቱ እምብርት የተዘረጋ የሣር ሜዳ ስለ ነበረ፣ በዙሪያው ያለው ቤት ሁሉ፣ ቡና ቤቱ ሳይቀር፣ ያለ ማስታወቂያ የአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል ነበር፤ መንገደኛውም በሜዳው የሚግጡት ከብቶች ሲባረሩ ባየ ጊዜ፣ ሰዓቱ መድረሱን ያለ ደወል ዐውቆ ሲኒውን አስቀምጦ ይነሣ ነበር። አየር መንገዳችን በ2011 ዓ.ም. ቦሌ አጠገብ ስካይላይት ሆቴልን ከከፈተ ወዲህ ግን፣ ከአውሮፕላን ደጃፍ ማደር የመዓርግ ምልክት ሆኖ ስለ ተቆጠረ፣ የጂንካም ማረፊያ ከከተማው ወጣ ስላለ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለማትረፍ ብሎ ሙሉ ሌሊት በሰቀቀን የሚያነጋው በዝቷል። ፍርዳችን አጭር ነው፦ ቅዳሜ ከሆነ ገበያውን ዙር፤ ከተማ እደር፤ በማለዳ ተነሣ። የየብሱ መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ አውሮፕላን ያመለጠው አልጋውን ትቶ ራሱን ይውቀስ።