የቅቤዋ ላም ደጅ ጠኚዎች

ፕሬዚዳንትነት ያማረው አሜሪካዊ ፖለቲከኛ፣ ምርጫው ሦስት ዓመት ሲቀረው ቢጠይቁት «ኧረ ገና አላሰብኩበትም» ይላል። ይህን የሚለው ግን አዮዋ ውስጥ፣ በቆሎ መሀል ቆሞ ነው። አዮዋ ዕጩዎችን ቀድማ የምትመዝን ግዛት በመሆኗ ስትሽኮረመም ኖራለች።

አንዱ የደጅ ጥናት ሥርዓት ነሐሴ ላይ ዴሞይን ከተማ በሚካሄደው የግዛቲቱ ባዛር መገኘት ነው። ዕድሜውን በሱፍና በከረባት የጨረሰው ሴናተር አዲስ ጂንስ ገዝቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እንጨት ላይ የተሰካ የአሳማ ሥጋ ካሜራ ፊት ይግጣል። (ለጿሚው ወሩ ፍልሰታ ነውና ዝም ብለን እንታዘብ።) አፉን ጠርጎ ከቅቤ ወደተሠራችው ላም ይሄዳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆማለች፤ እሱ ይስቃል፣ እሷ አትስቅም። ከበቆሎ ስለሚወጣው ኢታኖል ሲጠየቅ ደግሞ ነዳጁን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ይመስላል።

ትጋታቸው አይካድም። የሜሪላንዱ ጆን ዴላኒ ለ2020 ምርጫ (እ.ኤ.አ.) መወዳደሩን ያወጀው ሐምሌ 2017 ነበር። የአዮዋን 99 ካውንቲዎች (ወረዳዎች) በሙሉ አዳረሰ። ሕዝቡ በክረምት ብርድ አዳራሽ ተሰብስቦ የሚመርጥበት ካውከስ 3 ቀን ሲቀረው ራሱን አገለለ። የፍሎሪዳው ሮን ዴሳንቲስም 99ኙን ዞሮ፣ ጥር 2024 በትራምፕ 30 ነጥብ ያህል ተበልጦ፣ ሳምንት ሳይሞላው ተሰናበተ።

ያሸነፈስ? በሪፐብሊካኖቹ ካውከስ በ2008 ሃካቢ፣ በ2012 ሳንቶረም፣ በ2016 ክሩዝ ቀንቷቸው ነበር። አንዳቸውም የፓርቲያቸው ዕጩ አልሆኑም።