ጎማው በግራ በኩል ለምን አለቀ?

መቱ ላይ ጨዋታ የናፈቀው ሰው ሞተሩን ጎሚስታ ደጅ አቁሞ፣ ቁጢጥ ብሎ የኋላ ጎማውን በጣቱ ቢዳብስ ይበቃዋል። የጎማው ግራ ጎን ልጥ ብሎ የቀኙ ጥርስ ገና እንዳለ ከሆነማ ጉባኤው ይሞላል። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪውን ጥሎ ይመጣል፤ ቡና ነጋዴው የስልክ ወሬውን አቋርጦ ይመጣል፤ በዕድሜው ሞተር ነድቶ የማያውቀው ሰው ደግሞ ሁሉንም ቀድሞ ይደርሳል።

“ቻይና ነዋ!” ይላል የመጀመሪያው ሐኪም። ህንድ አገር መሠራቱ ጎማው ጎን ላይ በጉልህ ተጽፏል፤ ነገር ግን ጎንበስ ብሎ ማንበብ የእኛ ሐኪሞች ወግ አይደለም። እዚያው ጎን ላይ ቲ.ደብልዩ.አይ. የምትል አጭር ጽሑፍ አለች። እሷን እንኳ አይቷታል፤ የፋብሪካው ስም መስላዋለች። የምትጠቁመው ግን ጥርሶቹ መሀል ያለችውን ትንሽ እብጠት ነው። ጥርሱ አልቆ ከእሷ እኩል ሲሆን ጎማው ጡረታ መውጣት አለበት። ከእሷ እኩል ሆኖ ሌላ አንድ ክረምት የሚያገለግል ጎማ ግን ሞልቷል።

ሁለተኛው ሐኪም መንገዱን ይከሳል። በኢሉባቦር መንገድ መክሰስ ማስረጃ የማይጠየቅበት ክስ ነው። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ሞተረኛ የዓመቱን እኩሌታ ከጭቃ ጋር ሲታገል ይኖራል። ይሁን እንጂ ጭቃ ሰው ይጥላል እንጂ ጎማ አይበላም። ጎማ የሚፈገፍገው ደረቅ አስፋልትና ኮረት ነው፤ እርጥብ መንገድ እንዲያውም ይራራለታል። ስለዚህ የሚከሰስ ከተገኘ ከበደሌ በያዮና በሁሩሙ አድርጎ መቱ የሚገባው፣ ስንቱ አቤት ያለለት አስፋልት ነው። እሱን ለመክሰስ ደግሞ ማንም አንደበቱ አይፈታለትም።

ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሁሉም “ኦቦ” እያለ ቦታ ይለቅላቸዋል። እሳቸው ያገኙት ምክንያት እስካሁን ከተሰጡት ሁሉ ያምራል፤ “ሌሊቱን ሙሉ በጎን መቆሚያው ወደ ግራ አጋድሎ ያድራል። ታዲያ በየት ይለቅ?” ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ልነቀንቅ ዳዳኝ። ችግሩ፣ ጎማ ካልተንቀሳቀሰ አይበላም። ቆሞ የሚያልቅ ነገር ቢኖር ኖሮ ጎሚስታው ደጅ የተገተርነው የሁላችንም ጫማ ቀድሞ ባለቀ ነበር።

ለግራው የተሻለ ምክንያት አለ። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ስትነዳ ኖራ ከዚያ ወደ ቀኝ የዞረች አገር ናት። አስፋልት ደግሞ ውሃ እንዲፈስለት መሀሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል። ቀኙን ይዞ የሚሄድ ሞተረኛ መንገዱ ወደ ቀኝ ቢያጋድልም እሱ ቀጥ ብሎ ስለሚነዳ፣ መሬቱን የሚነካው የጎማው ግራ ትከሻ ይሆናል። መስቀለኛ መንገድ ላይም ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ሰፊ ዙር ይዞራል፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ግን ጥጉን ይዞ እልፍ ነው። አደባባይም የሚዞረው በግራ ነው። እንግዲህ ከ1956 በፊት ጎሚስታ ደጅ ይህ ክርክር ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ቀኝ ጎን ይሆን ነበር። ይህ ሁሉ ግን ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ነው። በአንድ የቡና ወቅት አንድ ጎኑ ብቻ ልጥ ካለ ባለቤቱን መጠየቅ ይሻላል።

“ምን ትጭንበታለህ?”

“ምንም።”

ምንም ማለት አንድ ኬሻ ቡና፣ ኬሻው ላይ የቡናው ባለቤት፣ በባለቤቱ ብብት ደግሞ አንድ ዶሮ ነው። እንዲህ ያሉት ትንንሽ ሞተሮች የሚፈቀድላቸው ጭነት፣ ነጂው ጭምር ተቆጥሮ፣ ከ150 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ኬሻው መሀል ላይ ካልታሰረ ወይም የኋላው ሰው በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ከተቀመጠ፣ ነጂው ሚዛን ለመጠበቅ ሞተሩን ወደ ሌላው ጎን ያጋድለዋል፤ እንደተጋደለም ያዮ ይደርሳል። ጎማው ይህን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል፤ ባለቤቱ ግን “ምንም” እንዳለ ነው።

ነፋሱን በተመለከተ በከተማችን ያለው ትልቁ መለኪያ አውራ ጣት ነው። ጫን ያደርጉና “ደህና ነው” ይላሉ። ለእነዚህ ሞተሮች የሚመከረው ፊት 25 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ፣ ኋላ ለብቻ 28፣ ሰው ሲጨመር 32 አካባቢ ነው። ሃያውንና ሠላሳውን የሚለይ አውራ ጣት ግን እስካሁን አልተፈጠረም። ነፋስ ያነሰው ጎማ በሁለቱ ትከሻው ያልቃል፤ “ጭነት አለብኝ” ብሎ ድንጋይ እስኪሆን ያስሞላው ደግሞ መሀሉ ብቻ ተልጦ ይቀራል።

ከሁሉም የሚገርመኝ የጋምቤላ መንገደኛ ነው። “ቆላው ያፈነዳዋል” ይልና ገና ጎሬ ላይ ነፋስ ያስተነፍሳል። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ግን 500 ሜትር አካባቢ። ሙቀት የጎማውን ነፋስ እንደሚያሳብጠው እውነት ነው። ነገር ግን ቁልቁል በወረድን ቁጥር የውጭው አየርም እየከበደ ጎማውን መልሶ ይጫነዋል። ጎሬ ላይ በ18 ዲግሪ 28 የተሞላ ጎማ ጋምቤላ ላይ በ35 ዲግሪ፣ ሞተሩ አርፎ ሲለካ፣ ያው 28 አካባቢ ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይወስደዋል። ያስተነፈሰው ሰው ግን 20 ይዞ ይወርዳል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ሲንከባለል እየተጣጠፈ ራሱን ያግላል፤ ሙቀት የፈራው ሰው ሙቀቱን ራሱ እያመረተ ይሄዳል ማለት ነው።

ከጎሬ ወደ መቱ የሚወርደውስ? “የፊት ፍሬን ይገለብጣል” ተብሎ ስለተነገረው ያን ሁሉ ቁልቁለት በኋላ ፍሬን ብቻ ይወርደዋል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ የሚሄደው ወደ ፊት ነው፤ የቀለለው የኋላ ጎማ ቆልፎ እየተጎተተ ይላጣል። ፊተኛው እንደ አዲስ ይኖራል። ባለቤቱም ሁለቱን አነጻጽሮ “የፊቱ ማርካ ጠንካራ ነው” ይልና ያንኑ ማርካ ለኋላ ይገዛል።

የጎሚስታው ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ የካቴና ማጥበቂያው ጋ ያሉትን የተቀረጹ መስመሮች ያያል። የግራውና የቀኙ እኩል መሆን ነበረባቸው፤ አይደሉም። ባለቤቱ እጓሮው ካቴናውን ራሱ ሲያጠብቅ አንዱን ብሎን ብቻ አጥብቋል፤ ጎማው በሰያፍ ነው የሚሄደው።

“ጋሼ፣ ካቴናውን ማን ነካው?”

“ማንም!”

“ነፋስስ መቼ ነው ያስለኩት?”

“ስገዛው ተሞልቶ ነው የመጣው!”

በዚህ መሀል ባጃጅ ነጂው መድኃኒት አገኘ፤ “ገልብጠህ ግጠመው፣ ያላለቀው በግራ ይሁን።” ጎማው ጎን ላይ መሽከርከሪያውን የሚያሳይ ቀስት አለ፤ እሱንም ያነበበ የለም። ተገለበጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያም ጎን አለቀ፤ ባለቤቱም “አሁን ገና እኩል ሆነ” ብሎ ደስ አለው።

በመጨረሻ አዲስ ጎማ ገዛ። ዋጋው ብዙ ሺህ ብር ነው፤ ሳያጉረመርም ቆጥሮ ከፈለ። ልጁ ገጥሞ፣ ካቴናውን አስተካክሎ፣ በመለኪያ 28 ሞላና ለነፋሱ አሥር ብር ጨምሮ ጠየቀ።

“ለነፋስ? ለእግዜር ነፋስ?”

ቀኑን ሙሉ በአንድ ነገር ያልተስማሙት ሐኪሞች በዚህ ላይ አንድ ሆኑ። ኦቦም ሳይቀሩ ልጁን ተቆጡት።