መጀመሪያ ወረደ፣ ከዚያ ወጣ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብላችሁ ተረታችሁበት። ተረቱን አልነካም፣ እውነት ነው። የተተረተበት ልጅ ግን ሁለት ዛፍ ላይ አልወጣም። ከአንዱ ወረደ፣ መሬት ረገጠ፣ ከዚያ ሌላውን ከሥሩ ጀመረ። መውረዱን ሳታዩ መውጣቱ ላይ ብቻ የደረሳችሁ ከሆነ ቁጭ በሉና ከመጀመሪያው እንነጋገር።

የማወራው ስለ አውስትራሊያዊው ዘፋኝ ስለ ኮዲ ሲምሰን ነው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ። በጥር 1997 ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ጎልድ ኮስት በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ፖፕ ዘፋኝ፣ በ25 ዓመቱ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን የሚዋኝ ስፖርተኛ ሆነ። ያንን ሁሉ ሠርቶ የተረፈው ተረብ ነው። ዛሬ እኔ ልመልስለት።

«ከኮምፒውተር የወጣ ዘፋኝ!»

ከኮምፒውተር አልወጣም፣ ከመኝታ ቤቱ ነው የወጣው። 2009 ላይ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ጊታሩን ይዞ የጄሰን ምራዝንና የጀስቲን ቲምበርሌክን ዘፈኖች እየተጫወተ ዩቲዩብ ላይ ጫነ። ሾን ካምቤል የሚባል ፕሮዲዩሰር አየውና ወደደው። በዓመቱ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሎስ አንጀለስ ገባ፣ አትላንቲክ ሪከርድስም አስፈረመው። ፍሎ ራይዳ ያጀበው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማው ሲለቀቅ ገና 13 ዓመቱ ነበር። ድሮ ዘፋኝ በሠርግ ቤትና በምሽት ክበብ በኩል ይወጣ ነበር፣ እሱ በዩቲዩብ በኩል ወጣ። በሩ ቢለያይም ድምፅ ከሌለ በየትኛውም አይገባም።

«ዘፈን ሲያቅተው ወደ ዋና ሮጠ!»

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ትልቁ ስሕተታችሁ ይሄ ነው። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁታል። ዋናው ነው የቀደመው። አባቱ ብራድና እናቱ አንጂ ሁለቱም በ1987ቱ የፓን ፓሲፊክ ሻምፒዮና ለአውስትራሊያ የዋኙ ናቸው። ልጁ ራሱ ሎስ አንጀለስን ሳያይ በፊት በኩዊንስላንድ የዋና ሻምፒዮና ሁለት ወርቅ ወስዷል። ውሃው የወላጆቹ ቤት ነበር። ከዚያ ቤት መጥቶ የወሰደው ሙዚቃው ነው። እንግዲህ በ13 ዓመቱ አንዱን መተው ነበረበትና ዋናውን ተወ። ሎስ አንጀለስ ሄዶ፣ በውል ታስሮ፣ በየከተማው እየዞረ እየዘፈነ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ገንዳ መግባት አይቻልማ! ያኔ ማንም «ዋና አቅቶት ወደ ዘፈን ሮጠ» ብሎ አልተረበውም። ወደ ዝና ሲሄዱ አጨብጭበን ወደ ልፋት ሲመለሱ የምንስቀው ለምንድን ነው?

«የጀስቲን ቢበር ጥላ!»

ጥላ ከባለቤቱ ተነጥሎ አይሄድም፤ ይሄ ተነጥሎ ሄዷል። እውነት ነው፣ ሥራ አስኪያጃቸው አንድ ነበር፣ ስኩተር ብራውን። እውነት ነው፣ 2013 ላይ በቢበር የአውሮፓ ኮንሰርቶች መክፈቻ ላይ ዘፍኗል። «ፓራዳይዝ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙንና በትውልድ ከተማው ባለ ሰፈር ስም የጠራውን «ሰርፈርስ ፓራዳይዝ»ን ያወጣውም በዚያ ዘመን ነው። ግን 2014 ላይ ልጁ ከአትላንቲክ ወጣ። ገና በ17 ዓመቱ፣ ብዙ ሰው ለመግባት የሚለምንበትን በር ከውስጥ ከፍቶ ወጣ። በዓመቱ «ፍሪ» የሚል አልበም በራሱ አሳተመ። እንደ ድሮው የጎረምሳ መዝሙር አልነበረም፤ ጊታሩ የበዛበት፣ የባሕር ሽታ ያለው፣ ረጋ ያለ ሥራ ነው። ለእኔ ከዚያ በፊት ከሠራው ሁሉ ይበልጥብኛል። የሸጠው ሌላው ይሁን፣ የእሱ የሆነው ይኼኛው ነው።

«መልኩን ነው የሸጠው እንጂ ድምፅ የለውም!»

ይቺን ደግሞ እንዲህ ነው የምመልሳት። 2019 ላይ በአውስትራሊያ ቴሌቪዥን ታዋቂ ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው በዘፈን የሚወዳደሩበት «ዘ ማስክድ ሲንገር» ተጀመረ። ከራስ እስከ እግር የሮቦት ልብስ ለብሶ የገባ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ሄዶ አሸነፈ። ጭንቅላቱ ሲወልቅ ውስጡ ኮዲ ሲምሰን! ፀጉሩ የለ፣ ዓይኑ የለ፣ ፈገግታው የለ። የነበረው ድምፁ ብቻ ነው፣ ያሸነፈውም በእሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ኒውዮርክ፣ ብሮድዌይ ላይ «አናስታሲያ» በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር የዲሚትሪን ገጸ ባሕርይ ይዞ ለወራት ተጫውቷል። ብሮድዌይ በሳምንት ስምንት ጊዜ መድረክ ላይ የሚያወጣ ሥራ ነው። መልክ አንድ ምሽት ያስጨበጭብ ይሆናል፣ ስምንተኛው ምሽት ላይ የሚያደርሰው ጉሮሮ ነው።

«የሴት ስም ይዞ የታወቀ!»

ከጂጂ ሐዲድ ጋር ነበር፣ ከማይሊ ሳይረስ ጋርም ነበር። ወጣት ናቸው፣ ተዋደዱ፣ ተለያዩ። ሌላ የምለው የለኝም፤ እናንተም ባትሉ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ገንዳው እንግባ፤ የልጁ ሰውነት ያለው እዚያ ነው።

ወደ 23 ዓመቱ ሲጠጋ፣ አሥር ዓመት ያህል ከውድድር ርቆ፣ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ገባ። የቀድሞው የኦሊምፒክ ዋናተኛ ብሬት ሆክ አሠለጠነው። የመረጠው ደግሞ 100 ሜትር ቢራቢሮ ነው። ቢራቢሮን የሞከረ ያውቀዋል። ሁለቱ ክንዶች እኩል ከውሃ ይወጣሉ፣ እኩል ይገባሉ። ሁለቱ እግሮች ሳይነጣጠሉ እንደ ጅራት ይገርፋሉ። ከዘለሉም ከታጠፉም በኋላ ከውሃ በታች መሄድ የሚቻለው እስከ 15 ሜትር ነው፤ ጭንቅላቱ ከዚያ ቢያልፍ ይሰረዛል። በ50 ሜትሩ ገንዳ አንድ ሄዶ መመለስ ነው፤ መታጠፊያውም ላይ መጨረሻውም ላይ ሁለቱም እጆች ግድግዳውን በአንድ ጊዜ መንካት አለባቸው። አንዱ እጅ ቀድሞ ቢነካ ያ ሁሉ ድካም ዋጋ የለውም። የመጨረሻዎቹ 15 ሜትሮች ላይ ክንድ እንደ እርሳስ ይከብዳል፣ ዳሌ ይሰምጣል፣ አየር ይጠፋል። በሌላው የዋና ዓይነት ሲደክምህ ትንሽ ታጭበረብራለህ፤ ቢራቢሮ ግን ድካምህን ለተመልካች ሁሉ ያሳይብሃል።

ልጁ ከእንደዚህ ዓይነቱ ነገር ምን ፈለገ? ገንዘብ አልቸገረው፣ ስም አልቸገረው። እኔ የገባኝ ይሄ ነው፤ ዝናው ምንም የማይጠቅምበትን ቦታ ፈለገ። መድረክ ላይ ስም ያግዛል። ቲኬት የገዛልህ ሰው ድምፅህ ቢሰበርም አብሮህ ይዘፍንልሃል። የገንዳው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መንኪያ ግን ማን እንደነካው አያውቅም፣ መቼ እንደተነካ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሰዓቱ ደግሞ ተናገረለት። በ2020 መጨረሻ፣ በታኅሣሥ፣ ለኦሊምፒክ ማጣሪያው ሲያልፍ ከ55 ሰከንድ ብዙም አልራቀም ነበር። በሰኔ 2021 አዴላይድ ላይ በተደረገው የቶኪዮ ማጣሪያ ወደ 53 ሰከንድ ወርዶ ለፍጻሜው ደረሰና ስምንተኛ ሆነ። በግንቦት 2022 እዚያው አዴላይድ ላይ ከ52 ሰከንድ በታች ዋኘ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ ሦስት ሰከንድ መቀነስ ማለት ነው። ለማያውቅ ሰው ሦስት ሰከንድ ምንም አይመስልም፤ በዚያ ፍጥነት ግን ወደ ስድስት ሜትር ይጠጋል። የታኅሣሡን ኮዲና የግንቦቱን ኮዲ ጎን ለጎን ብናዘልላቸው፣ የግንቦቱ ግድግዳውን ሲነካ የታኅሣሡ ገና ስድስት ሜትር ይቀረዋል።

«ኤማ ማኪዮን ናት ያስገባችው!»

ይቺ ደግሞ የተረቦቹ ሁሉ ንግሥት ናት። ኤማ ማኪዮን የዎሎንጎንግ ልጅ ናት። ቶኪዮ ላይ በአንድ ኦሊምፒክ ሰባት ሜዳሊያ የወሰደች፣ ከአውስትራሊያ ኦሊምፒያኖች ሁሉ ብዙ ሜዳሊያ የሰበሰበች ዋናተኛ። እሷና ኮዲ ጥንድ መሆናቸው የተሰማው 2022 ላይ ነው። ልጁ ለአገሩ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ፍጻሜ የደረሰው 2021 ላይ ነው። ቀኑን ብቻ አስተያዩት። ደግሞስ ፍቅረኛ እንዴት አድርጋ ነው ሰው ቢራቢሮ የምታዋኘው? ክንዱን ልትቀዝፍለት ነው?

ይልቅ የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ። በዚያ የአዴላይድ ውድድር ማት ቴምፕል አንደኛ፣ ካይል ቻልመርስ ሁለተኛ፣ ኮዲ ሦስተኛ ወጡ። ለዓለም ሻምፒዮና ከአንድ አገር በአንድ ርቀት የሚያልፉት ሁለት ናቸው፤ ለኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሦስት። ቻልመርስ ቀደም ሲል ወደ ዓለም ሻምፒዮናው እንደማይሄድ ተናግሮ ነበርና ሐሳቡን ሲቀይር ኮዲ ቀረ። ይሄ ስፖርት ነው፤ የቀደመ ይሄዳል፣ ኮዲም ቢሆን ቦታው የካይል መሆኑን አልካደም። ጋዜጦቹ ግን አልጠገቡም። ካይልን፣ ኤማንና ኮዲን አንድ ላይ ቋጥረው የፍቅር ድራማ ሠሩበት። ሦስቱ በበርሚንግሃም ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች አንድ ቡድን ውስጥ ሆነው ሲዋኙ ጥያቄው ሁሉ እሱ ሆነ። ካይል የ100 ሜትር ፍሪ ስታይሉን ወርቅ ሲወስድ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለወሬኞቹ «ዝም በሉ» አላቸው። ወሬው አእምሮውን እንደጎዳውም በግልጽ ተናገረ። የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ነው ይህን ያለው! ተረብ ሰው እስኪያም ድረስ ሲሄድ ተረብነቱ ያበቃል። ዱላ ነው የሚባለው።

«ማጣሪያ ላይ ዋኝቶ ወርቅ አጠለቀ!»

አዎ፣ አጠለቀ። በርሚንግሃም ላይ የወንዶች 4 በ100 ሜትር ፍሪ ስታይል ዱላ ቅብብል አውስትራሊያ አሸነፈች፤ ኮዲ ጠዋት ማጣሪያው ላይ ከዋኙት አንዱ ነበር። ደንቡ ለማጣሪያ ዋናተኞችም ሜዳሊያ ይሰጣል፣ ምክንያቱም ጠዋት የዋኘ ከሌለ ማታ የሚዋኝ የለም። ታላላቆቹ እንዲያርፉ ጠዋት የሚሠራ ሰው በየቤቱ አለ፤ እናንተ ቤትም አለ። በዋናው በቢራቢሮው ደግሞ ለፍጻሜ ደርሶ አምስተኛ ወጥቷል። አሥር ዓመት ያህል ከገንዳ የራቀ ዘፋኝ ከኮመንዌልዝ አገሮች ሁሉ በቢራቢሮ አምስተኛ! ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው አንድ 50 ሜትር ቢራቢሮ ዋኝቶ ይሳቅ።

በሰኔ 2024 ብሪዝበን ላይ የፓሪስ ማጣሪያ ደረሰ። ቢራቢሮውን ለፍጻሜ ደርሶ ዋኘ፤ ትኬቱን ከሚቆርጡት ሁለቱ ውስጥ ግን አልገባም። እዚያው ዋናውን አቆመ። ሰበብ አልደረደረም፣ አሠልጣኝ አልወቀሰም፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው አላለም። ኤማ ፓሪስ ሄዳ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቿን 14 አደረሰች፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ እሷም ገንዳውን ተሰናበተች።

«ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ? አልደረሰም አይደል?»

አልደረሰም። ኦሊምፒያን አይባልም፣ ማንም እንዲል አልጠይቅም። ነገር ግን አራት ዓመት ያህል ሌሊት ከእንቅልፉ እየተነሣ፣ ስሙ በማይጠቅመው ቦታ፣ ከእሱ የተሻሉ ወንዶች መሐል፣ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ደርሷል። ያንን ማሊያ ዘፈኑ አልሰጠውም፣ ፍቅረኛውም አልሰጠችውም። እኛ አገርም «አንዴ ዘፋኝ ከሆንክ ዘፋኝ ሁን፣ አንዴ ሐኪም ከሆንክ ሐኪም ሁን» እየተባለ በ20 ዓመቱ ዕጣው የተቆረጠለት ልጅ ስንት ነው? ሞያ መቀየር የፈለገ ልጃችሁን በተረብ ከመግደላችሁ በፊት የልፋቱን ሰዓት እዩለት።

ኮዲ ሲምሰን ለአገሩ የዋኘ ዘፋኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጥሩት።