የዜጎችን ግልጽነትና የመንግሥትን ግላዊነት ለመደንገግ የወጣ የፌዝ አዋጅ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት እንዲከበር የደነገገ፣ በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ የብሔራዊ ደኅንነትንና የሕዝብ ሰላምን የመሳሰሉ አስገዳጅ ሁኔታዎች ሲፈጠሩ መብቱ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ያመለከተ በመሆኑ፣ አስፈጻሚው አካልም ከሁለቱ ኋለኛውን ብቻ በቃሉ አጥንቶ የተገኘ በመሆኑ፤

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም የንግግሩን ይዘት ሳይሆን ማን፣ ከማን ጋር፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዘዘ በመሆኑ፣ አንዲት ሴት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በመጀመሪያ ለሐኪም፣ ቀጥሎ ለእናቷ፣ በመጨረሻም ለነፍስ አባቷ መደወሏን በመዝገቡ ላይ ያየ ሰው ምን እንደተባባሉ መስማት የማያስፈልገው በመሆኑ፤

ዜጋውም በበኩሉ የዕዳውን መጠን በታክሲ ውስጥ በስልክ ጮክ ብሎ የሚያወራ፣ የልጁን የልደት ቀን ከነትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ በፌስቡክ የሚለጥፍ፣ የእጅ ባትሪ ለማብራት ብቻ ላወረደው መተግበሪያ የስልክ ማውጫውን ከነጎረቤቶቹ የሚያስረክብ ሆኖ ሳለ መንግሥት ብቻ እንደ ባዳ የሚታይበት ምክንያት ባለመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የመስታወት ቤት አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ ቁጥሩ ግን የመሥሪያ ቤቱ ግላዊ መረጃ ስለሆነ አይገለጽም።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ “የግል ዳታ” ማለት ማንነቱ የታወቀን ወይም ሊታወቅ የሚችልን ሰው የሚመለከት መረጃ ሲሆን፣ “ሰው” ማለት የበላይ ኃላፊ ነው። “ፈቃድ” ማለት ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ የተሰለፈ ባለጉዳይ ተራው ሲደርስ፣ ከኋላው ያሉት እየተነጫነጩ፣ የተሰጠውን ቅጽ ሳያነብ የሚያኖረው ፊርማ ነው፤ ፈቃድ በነጻነትና ነገሩን በማወቅ መሰጠት አለበት የሚለው የሕግ ባለሙያዎች አስተያየት ከሰልፉ ርዝመት አንጻር ታይቶ ውድቅ ተደርጓል። “ሲስተም የለም” ማለት መረጃው ባለቤቱ ሲጠይቅ የማይገኝበት፣ ሌላ አካል ሲጠይቅ ግን የሚገኝበት ሁኔታ ነው።

አንቀጽ 3. ስለ መመዝገብ

የ10 ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቹን ብሌንና የፊቱን ምስል ሰጥቶ ባለ 12 አሃዝ የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር የተቀበለ ማንኛውም ዜጋ ወደ ሌላ ቢሮ ሲሄድ ያንኑ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ፣ ዋናውን ለማመሳከሪያ ይዞና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ጨምሮ ይቀርባል፤ የዓይን ብሌን ጉርድ ፎቶግራፍን አይተካም።

በሕንጻዎች መግቢያ ላይ የሚገኘው፣ እንግዳ ሁሉ ሙሉ ስሙን፣ ስልኩንና የሚጠይቀውን ሰው ከእርሱ በፊት የገቡት ከሞሉት መስመር ሥር የሚጽፍበት፣ እስክሪብቶው በክር የታሰረ ደብተር፣ በዚህ አዋጅ መሠረት ብሔራዊ የመረጃ ቋት ሆኖ ተሰይሟል። ደብተሩ ሲያልቅ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ ባይኖርም፣ ገጾቹ ቆሎ ተጠቅሎባቸው ወደ ሕዝቡ የሚመለሱ ከሆነ መረጃ ለባለቤቱ እንደተመለሰ ይቆጠራል።

አንቀጽ 4. ስለ ምስጠራና ስለ ቅኔ

ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደረግ ምስጠራ መልእክት በላኪው ስልክ ላይ ተቆልፎ በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ የሚከፈትበት፣ መሐል ሆኖ የሚያስተላልፈው ኩባንያ እንኳ ሊያነበው የማይችልበት ዘዴ በመሆኑና ይህም ኮምፒዩተር የተማረው ሰምና ወርቅ መሆኑ ስለተደረሰበት፣ ማንኛውም ባለቅኔ ወርቁን ከሰሙ ለይቶ በሦስት ኮፒ አስቀድሞ ያስመዘግባል። በአዝማሪ ቤት “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ የሰጠም ሆነ ተቀብሎ ያዜመ እኩል ተጠያቂ ሲሆን፣ ወርቁ ገብቶት የሳቀ በተባባሪነት ይከሰሳል፤ ሳይገባው የሳቀ ግን የመኖሪያ አድራሻውን አስመዝግቦ ይሰናበታል።

የሙያው ሰዎች ለመንግሥት ተብሎ በምስጠራ ላይ የሚበጅ የጓሮ በር ለሌባም መግቢያ እንደሚሆን ያቀረቡት ተቃውሞ ትክክል ሆኖ በመገኘቱ፣ ሌባው ከመግባቱ በፊት ደብተሩ ላይ እንዲፈርም ተወስኗል።

አንቀጽ 5. ስለ ማቋረጥ

በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አፈትልኮ ወጥቶ በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ የተዘጋበት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮም ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል የተቋረጠበት ተሞክሮ ተቀምሮ፣ ማቋረጥ መደበኛ አገልግሎት ሆኗል። ዋሽንግተን የሚኖር ልጇን ድምፅ ያጣች እናት በማቋረጡ ላይ አቤቱታ ያላት እንደሆነ በኢንተርኔት ብቻ ታቀርባለች። ስልኩ ዝግ ሆኖ የተገኘ ሰው ደግሞ ባትሪው ማለቁን፣ ባትሪው ያለቀውም መብራት ስለጠፋ መሆኑን፣ ከሚመለከተው አካል በተጻፈ ደብዳቤ ያስረዳል።

አንቀጽ 6. ስለ መንግሥት ግላዊነት

በ2007 ዓ.ም. የስለላ ሶፍትዌር ሲሸጥ የኖረው የጣሊያኑ ኩባንያ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ፣ ኢትዮጵያም ያለችበት የደንበኞቹ ዝርዝር ከነደብዳቤው በዓለም ፊት የተሰጣበት ሁኔታ እንዳይደገም፣ የማን ስልክ እንደተጠለፈ፣ ጠለፋውን የትኛው ዳኛ እንደፈቀደና መሣሪያው በስንት እንደተገዛ የሚገልጽ መረጃ ሁሉ ክብሩ ሊነካ የማይገባው የግል ሕይወት ነው። ይህን የሚጠይቅ ዜጋ ጥያቄው የሚስተናገደው ለምን ማወቅ እንደፈለገ፣ ከማን እንደሰማና ሲሰማ አብሮት ማን እንደነበረ በዝርዝር ከሞላ በኋላ ነው።

አንቀጽ 7. ተፈጻሚነት ስለሌላቸው ሕጎች

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በዚህ አዋጅ አልተሻረም፤ መሻሩ ቢገለጽ መኖሩን ያልሰሙ ሰዎች ፈልገው ሊያነቡት ስለሚችሉ ባለበት እንዲቆይ ተደርጓል።

አንቀጽ 8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ሙሉ ቃሉን ማየት የሚፈልግ ሁሉ መታወቂያውን ይዞ በአካል በመቅረብ፣ ሲስተም ባለበት ቀን፣ ርዕሱን ማንበብ ይችላል።