የ5 ደቂቃ ሽሮ

ከደሴ እምብዛም በማትርቀው በኩታበር፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣ የአክስቴ ልጅ፣ ሽሮ በ5 ደቂቃ የሚደርስበትን ጥበብ ለገዛ እናቱ ሲተረጉምላቸው ሰማሁ፤ አተሩ ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ደርቆ እስኪፈጭ ያለፉት ቀናት፣ መቼም መቅድም ናቸውና፣ መቅድምን ደግሞ ማን ያነባል?

አክስቴ እንደ ባሕታዊ በአርምሞ ተቀምጠው፣ ቀይ የተነከረውን አክርማ ውኃ እያስነኩ በስንደዶው ላይ ይጠመጥማሉ፤ ወስፌው ገባ ወጣ ይላል፤ መሶቡ ገና ከመዳፍ አልሰፋም።

«እማዬ፣ ለዚህስ ማቅለያ ዘዴ የለውም?»

«አለው እንጂ ልጄ፤ ሲያልቅ መምጣት ነው።»

በማግሥቱ መምህራችን ወደ አዲስ አበባ ሲሳፈር፣ ሽሮው በከረጢት ተቋጥሮ ከጭኑ ላይ ነበር።